ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና

ደጊቱ አዳነ መኪና ልትገዛ ነው የሚለው ወሬ ንፋስ መውጫ ላይ ሲሰማ ሰው ሁሉ የጭነት መኪና መስሎት ነበር። ሌላ ምን ይምሰለው? ደጊቱ ከከተማው መግቢያ ላይ ምግብ ቤት ከፍታ፣ በበጋ እህል ሊጭኑ የሚመጡትን ሾፌሮች የምታበላ፣ ከነጋዴውም ከባላገሩም ጋር የምትግባባ ቆፍጣና ሴት ናት። የጭነት መኪና ገዝታ የጋይንትን ገብስና ባቄላ ጎንደር ብታወርድ ማን ይችላታል ተባለ። ዘመኑ 1961 ዓ.ም. ነው። በዚያ አገር የራሱ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

እውነቱን መጀመሪያ የሰማችው ቤት ውስጥ ወጥ የምትሠራላት የሺ ናት።

«ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው» አለቻት ደጊቱ ሽንኩርት እየላጠች። «ጣሪያዋ ሸራ ነው። ፀሐይ ሲሆን ወደ ኋላ ይታጠፋል።»

«ጭነቱስ የት ይሆናል?»

«ጭነት የላትም።»

የሺ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «እትዬ፣ ጭነት ከሌላት ምን ትሠራልዎታለች?»

«እኔን ትወስደኛለች» አለች ደጊቱ።

ቀልዷን አልነበረም። ደጊቱ የእስቴ ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ አዳነ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ባለ ደብር የድጓ መምህር ናቸው። ገና በልጅነቷ ለማታውቀው ሰው ድረዋት፣ ዓመት ሳይሞላ ጥላው ጎንደር ገባች። እዚያ በሰው ቤት ውሃ ቀዳች፣ እንጨት ተሸከመች፤ በኋላ ታፈረ የሚባል ሾፌር አገባች። ታፈረ የሚነዳው ትሬንታ ኳትሮ ነበር፤ ያ ቤት የሚያክለው የጣሊያን የጭነት መኪና። ደግ ሰው ነበርና መሪ አስይዞ መንዳት አስተማራት፣ መንጃ ፈቃድም እንድታወጣ አደረገ። ሰሊጥ ሊጭን ሁመራ በወረደበት ወባ ይዞት ሲሞት ግን መኪናው የባለሀብቱ ነበርና ለእሷ የቀረላት ሙያው ብቻ ሆነ። ጋይንት መጥታ ምግብ ቤቱን የከፈተችው ከዚያ ወዲህ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከምና ስታስጭን ኖራለች። አሁን ምንም የማይጫንበት ነገር አማራት።

መኪናይቱን ያየቻት ኅዳር ላይ ነው። ለምግብ ቤቱ ዕቃ ልትገዛ ጎንደር ሄዳ ሳለ፣ የታፈረ ጓደኛ የነበረው ሾፌሩ ማሩ የመኪናውን ባሌስትራ ሊያሠራ ወደ አንድ ጋራዥ ሲገባ አብራው ነበረች። ከጋራዡ ጥግ፣ አቧራ ከጠጣ ሸራ ሥር፣ አንዲት ቀይ ነገር አፍንጫዋን አውጥታለች። ደጊቱ ሸራውን ገለጠችው። ዝቅ ያለች፣ ፊቷ ረዘም፣ ወገቧ ሸንቀጥ ያለ ፊያት ናት። ማንንም ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ ገባችና መሪውን ያዘች። ትሬንታ ኳትሮ ላይ ሲወጡ ሰገነት ላይ የወጡ ያህል ነው፤ እዚች ውስጥ ግን እግርን ዘርግቶ መደብ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ደጊቱ ለብቻዋ ሳቀች። ባለቤቱን ሳታይ ወሰነች።

ባለቤቱ የጋራዡ ጌታ ሙሴ ሪኖ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ጎንደር የቀረ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ግን ሴት ወንድ ሳይለይ ሁሉንም «አንተ» የሚል ሽማግሌ ነው። ወገቡን ታሞ ወደዚያች ዝቅተኛ መኪና መግባትና መውጣት አልቻለም። ቢሆንም ለመሸጥ አልቸኮለም። ደጊቱ ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ተዘጋጅታ ስትመጣ አሁንም እዚያው ጥግ ቆማ አገኘቻት።

«ይች መኪና ለጋይንት አትሆንም» አላት ማሩ፣ መንገዱን ሁሉ ያለውን ደግሞ። «ሆዷ ድንጋይ ይመታል። በክረምት ደግሞ ጭራሽ አትታሰብም።»

«በክረምት አንተስ የት ትሄዳለህ? እኔው ቤት ተቀምጠህ ሽሮ ነው የምትበላው።»

ደጊቱ ከሁሉ በፊት ኮፈኑን አስከፍታ መዳፏን ሞተሩ ላይ አኖረች። ቀዝቃዛ ነው። ሻጭ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀሽ የሚደብቀው ነገር አለ ይላት ነበር ታፈረ። ከዚያ አስነሳችው። መጀመሪያ ሳል ሳል አደረገውና ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ድምፁ ጠራ። ማሩ መኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ሲፈልግ፣ እሷ የወለሉን ምንጣፍ እያነሳች የዛገ ቆርቆሮ ፈለገች። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ዝገት አገኘች፤ ግን ቆርቆሮውን አልበላውም። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከረች፤ ሁለተኛው ሲገባ ያጉረመርማል። በመጨረሻ ጎማዎቹን ዞራ አየች።

«የፊቶቹ ደህና ናቸው። የኋላዎቹ ለምን አለቁ?»

ሙሴ ሪኖ ጥያቄው ደስ አለው። «የፊቱ ይመራል፣ የኋላው ይገፋል። ሥራ ያለ ኋላ ነው። አንተ ግን ይችን ነድተህ ታውቃለህ?»

«ትሬንታ ኳትሮ ነድቻለሁ።»

«ትሬንታ ኳትሮ በሬ ነው» አለ። «ና፣ አብረን እንሂድ። መንዳት ካልቻልህ አልሸጥም።»

ማሩ ጋራዡ በር ላይ ቀረ፤ ቦታ የለውማ። ደጊቱ ከከተማ ወጥታ ጠጠር መንገዱን ያዘች። መኪናይቱ ገና ነዳጅ ስትነካት ትስፈነጠራለች። ቀጥታው መንገድ ላይ ልቧ ሞላ። ጠመዝማዛው ጋ ስትደርስ ግን እንደ ጭነት መኪናው መሪውን አዙራ፣ እዚያው ላይ ነዳጅ ረገጠች። የመኪናይቱ ኋላ ጠጠሩ ላይ ሸሸ፤ ደንግጣ ፍሬን ያዘች፤ ሰማዩና ማሳው ተሽከረከሩና እሷና ሽማግሌው ወደ መጡበት አቅጣጫ ዞረው፣ አቧራ ውስጥ ቆመው ተገኙ።

ሙሴ ሪኖ ባርኔጣውን አስተካከለ። «ምን አደረግህ?»

«ፍሬን ያዝሁ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነዋ!»

«መፍራት ጥሩ። ፍሬን መጥፎ። ኋላዋ ወደ ግራ ስትሄድ አንተም መሪውን ወደ ግራ። ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ። አትጣላት፤ ተከተላት። ነዳጁን ቀስ አድርገህ ቀንስ እንጂ አትልቀቅ። እንደገና።»

እንደገና ሄደች። እንደገናም ዞረች። ሙሴ ሪኖ አልተቆጣም፤ «እንደገና» ብቻ ነው የሚለው። ትንሽ ቆይታ ነገሩ ገባት። መኪናይቱ ከመሪው ይልቅ በመቀመጫው ነው የምትናገረው፤ ኋላዋ ሊሸሽ ሲል ወገብ ላይ አስቀድሞ ይሰማል። በሚቀጥለው ጠመዝማዛ ጠጠሩ ሲንሸራተት ደጊቱ እጇን ብቻ አዞረች፤ መኪናይቱ ትንሽ ተወዛወዘችና እንደ ገራም በቅሎ ቀጥ ብላ ወጣች። ደጊቱ እልል አለች። ሽማግሌው አብሯት ሳቀ።

ዋጋው ላይ ብዙ አልተጓተቱም። እሷ ግን ሁለት ነገር አጥብቃ ያዘች፦ ሁለተኛው ማርሽ ይሠራ፣ ለኋላ ሁለት አዲስ ጎማ ይግባ። ሁለቱም ሆነ፤ ሊብሬውም በስሟ ዞረ። ሙሴ ሪኖ ቁልፉን ሲሰጣት ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወደ ውስጥ ገባ፤ ስትወጣ ሊያያት አልፈለገም።

ደጊቱ በቀጥታ ወደ ንፋስ መውጫ አልሄደችም። ደብረ ታቦር ስትደርስ ወደ እስቴ ታጠፈች። መንገዱ በበጋ ብቻ መኪና የሚገባበት ነው፤ ድንጋዩን እየመረጠች፣ አንዳንዴም ወርዳ እያነሳች፣ መካነ ኢየሱስ ገባች። የአባቷ ደብር ቅጥር ጋ ስትቆም ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቋርጠው ተንጋጉ። መሪጌታ አዳነ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

ሁለቱ የታረቁት በሽማግሌ ነው። ደጊቱ በየዓመቱ ትጠይቃቸዋለች፤ ጋቢም ታለብሳቸዋለች። እሳቸው ግን ንፋስ መውጫ ያለው ቤቷን ረግጠው አያውቁም። ሾፌርና መንገደኛ የሚጠጣበት ቤት ለድጓ መምህር አይሆንም ብለው ነው።

ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የማን ናት?» አሉ መኪናይቱን በአገጫቸው እያሳዩ።

«የእኔ ናት፣ አባባ።»

«ምን ትጭናለች?»

«እኔን።»

«ሌላስ?»

«አንድ ሰው።»

ደጊቱ ይቅርታ የሚመስል ነገር አልጨመረችም። ልጅ ሳለች ቢሆን ኖሮ መሬት መሬቱን ታይ ነበር፤ አሁን ግን አባቷን ቀና ብላ እያየች ነው።

«የኔታ መልአኩ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ» አለች። «ምሳ ሳደርስላቸው ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ነው የሚጠይቁኝ። አዳነ ለጊዮርጊስ መጥቶ አጠገቤ ቢቆም ምን ነበር ይላሉ።»

መሪጌታ ፊታቸው ተለወጠ። የኔታ መልአኩና እሳቸው በወጣትነታቸው እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ደብር ድጓ ሲማሩ አንድ ጎጆ ያደሩ፣ ለምነው ያመጡትን ቆሎ የተካፈሉ ጓደኛሞች ናቸው። የኔታ መልአኩ ንፋስ መውጫ አጠገብ ባለች የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ከተያዩ ብዙ ዘመን ሆነ።

«በቅሎዬ ታነክሳለች» አሉ መሪጌታ። «እኔም አነክሳለሁ። በምን እሄዳለሁ?»

መሪጌታ መኪናይቱን እንደገና አዩ።

«በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው» አሉ።

«ነገ ጠዋት ከተነሣን ለዋዜማው እንደርሳለን።»

በማግስቱ ረዥሙ ሰውዬ ወደዚያች መኪና ሲገቡ ማየት ለመንደሩ ትልቅ ትዕይንት ነበር። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ፤ መቋሚያቸው በበሩ በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ቀረ። ጥምጥማቸውን ነፋስ እንዳይወስደው ደጊቱ በነጠላ አሰረችላቸው። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ የበሩን እጀታ ጨብጠው «አቤቱ» ብቻ ይላሉ። ደብረ ታቦርን አልፈው መንገዱ ሜዳውን ሲይዝ ግን እጃቸው ቀስ በቀስ ላላ። የታረሰው ማሳ ከግራ ከቀኝ ይሮጣል። ጉና ተራራ ብቻ ሳይንቀሳቀስ ይከተላቸዋል።

«ይኸ ነው ልኩ?» አሉ ድንገት።

«ምኑ፣ አባባ?»

«ሩጫዋ። ከዚህ አይበልጥም?»

ደጊቱ ጥርሷን ነክሳ ሳቋን ያዘችና ነዳጁን ረገጠች። መሪጌታ ጀርባቸው መቀመጫው ላይ ተለጠፈ። «ኧረ የጌታ ያለህ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ፍርሃት አልነበረም።

ክምር ድንጋይን እንዳለፉ ጉና ጠቆረ። የበልግ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ቶሎ ነው፤ ሲሄድም ቶሎ ነው። ሸራውን ዘርግተው እስኪያባራ ቆሙ። ሲያባራ ግን ከፊታቸው ያለው ዳገት ቀይ ጭቃ ሆኗል። ደጊቱ ተንደርድራ ወጣች፤ ግማሽ ላይ የኋላ ጎማዎቹ በባዶ ይዞሩ ጀመር፤ መኪናይቱ ወደ ፊት መሄዷን ትታ ኋላዋ ወደ ቦዩ አዘነበለ። ፍሬን አልያዘችም። መሪውን ወደሸሸበት መልሳ፣ ነዳጁን ቀንሳ፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ እያንሸራተተች እስከ ዳገቱ ሥር አወረደቻት።

ከኋላቸው ከገበያ የሚመለስ ካሳ የሚባል ገበሬ ገብስ የጫኑ አህዮች እየነዳ ደረሰ። ለመሪጌታ አጎንብሶ መስቀል ሊሳለም ሲል ቄስ አለመሆናቸውን አይቶ እጃቸውን ሳመ። ከዚያ መኪናይቱን ዞሮ አያት።

«እመቤቴ፣ ይቺ ፌንጣ ምን ሆና ነው?»

«ኋላዋ ቀለለ» አለች ደጊቱ። «የሚገፉት የኋላ እግሮቿ ናቸው፤ በላያቸው ግን ክብደት የለም፤ መሬቱን መንከስ አቃታቸው። ወንድሜ፣ ገብስህን እስከ ዳገቱ አናት ላውጣልህ?»

«አህዮቼን ልታሳርፊ አንቺው ትለምኚኛለሽ?» ብሎ ሳቀና ከአህያው ላይ ስልቻ አወረደ። የኋላውን የዕቃ ክዳን ከፍተው ሁለት ስልቻ ገብስ አስገቡ፤ ሌላ አልያዘም። ደጊቱ ሞከረች። ጎማዎቹ ጥቂት ነከሱ፣ ከፍ አሉና እንደገና መዞር ጀመሩ።

እንደገና ወደ ዳገቱ ሥር ስትመለስ መሪጌታ አዳነ በሩን ከፍተው ወረዱ። ጋቢያቸውን አሰር አደረጉና መኪናይቱ ጀርባ ላይ፣ ስልቻዎቹ በተጫኑበት ክዳን ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ተቀመጡ።

«አባባ! ኧረ ይወድቃሉ!»

«ክብደት ጠፋ አላልሽም? እኔም ክብደት ነኝ።»

«ጭቃው ያዳልጣል፤ ቢወድቁ ምን እላለሁ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ማኅሌት ቆሜ ያልወደቅሁ ተቀምጬ ልውደቅ? ንጂ!»

ካሳ ይህን ሲያይ አላስቻለውም፤ እሱም ዘሎ አጠገባቸው ተቀመጠና ወገባቸውን አቀፋቸው። ደጊቱ በሁለተኛ ማርሽ ተነሣች። ኋላዋ ከብዷል፤ ጎማዎቹ ጭቃውን እየቆረጡ ያዙ። ጠመዝማዛው ጋ ኋላዋ ሊሸሽ ሲል ወገቧ ላይ ተሰማት፤ መሪውን መለስ አደረገችለት፣ ነዳጁን ሳትለቅ። ከጀርባዋ መሪጌታ በዚያ ድጓ ባሠለጠነው ድምፃቸው ቅዱስ ጊዮርጊስን ይጣራሉ፤ ካሳም «አይዞሽ! አይዞሽ!» ይላል፤ ለመኪናይቱ ይሁን ለነጂዋ አይታወቅም። ሦስቱም ዳገቱ አናት ላይ ወጡ።

ደጊቱ ወርዳ ስታያቸው ጎማው የረጨው ጭቃ የአባቷን ጋቢ፣ ጢምና ጥምጥም አንድ ቀለም አድርጎታል። መሪጌታ አዳነ ይስቃሉ። ልጅ ሆና ማኅሌት ሲቆሙ እንጂ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። ካሳ ገብሱን አውርዶ ምስጋናዋን ሲሰማ አፈረ፤ ትንሽ አመነታና «ጩኸቷን ልሰማው?» አለ። ደጊቱ እጁን ይዛ ክላክሱ ላይ አኖረችለት። አህዮቹ ከታች ሆነው ደነበሩ።

ንፋስ መውጫ ሲገቡ ከተማው ሁሉ ወጣ። መሪጌታ በዚያ ጭቃ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይችሉም። መኪናይቱ ምግብ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ወርደው ደፉን በሚገባ አዩት፤ ሾፌሮቹ ከውስጥ ተነሥተው ቆሙ።

«ውሃ አለ?» አሉ።

«ሞልቷል» አለች ደጊቱ።

ገቡ። የሺ እግራቸውን አጠበች፤ ደጊቱ ከሳጥኗ አዲስ ጋቢ አወጣች። ባቀረበችላቸው ምግብ ላይ ባርከው በሉ፤ ከዚያም አንዱን ሾፌር ወዴት እንደሚሄድ፣ ልጆች እንዳሉት፣ እየጠየቁ አጫወቱት። ስለ ቤቱ አንድም ነገር አላሉም። ሲወጡ ግን የበሩን መቃን በእጃቸው ዳሰው «ደህና እንጨት ነው» አሏት።

ያን ሌሊት ሁለቱ ጓደኛሞች ጎን ለጎን ማኅሌት ቆሙ። የኔታ መልአኩ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም፤ መሪጌታ አዳነ የጀመሩትን እሳቸው ይጨርሳሉ። በማግስቱ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ የኔታ መልአኩ ደጊቱን በድምፅዋ ፈልገው አገኟት።

«ያቺ አዳነን ያመጣች የታለች?»

እጃቸውን ይዛ ወደ መኪናይቱ ወሰደቻቸው። የኔታ ከአፍንጫዋ ጀምረው፣ መብራቶቿን፣ የግራ ጎማ መከለያዋን፣ ጭቃው ገና ያልለቀቀውን ጎማዋን ዳሰሱ። ከጀርባዋ ደርሰው ቆሙ።

«ቀለሟስ?»

«ቀይ ነው፣ የኔታ።»

«የምን ቀይ? ቀይ ብዙ ነው።»

ደጊቱ አሰበች። «ብራና ላይ የእመቤታችን ስም የሚጻፍበት ቀይ» አለች።

የኔታ መልአኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀለም በወጣትነታቸው ራሳቸው በጥብጠው ጽፈውበታል። «እንግዲያ ውሰጂኝ» አሉ።

ሸራውን አጠፈችና አስገባቻቸው። መሪጌታ አዳነ ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ቁልቁል አዩአቸው፤ ለሕዝቡ መኪናይቱ ዳገት እንዴት እንደምትወጣ እያስረዱ ነበር። ደጊቱ ከከተማው በምሥራቅ ወጣች። ትናንት የዘነበበት ማሳ ሽታ መጣ፤ የኔታ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አቀኑ።

«መንገዱ እስከ የት ይሄዳል?» አሉ።

«እስከ ጨጨሆ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላውቀውም።»

«እስከ ጨጨሆ ሂጂ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደርሰን እንጠይቃለን።»

ደጊቱ ማርሽ ቀየረች።